የሩዊዋ የበሽተኛ አልጋ

ሐኪም «ዕረፍት ያስፈልግሻል» ብሎ ሲያሰናብት ደግ ነው፤ የት ብሎ ግን አይጠይቅም። ሙያው አይደለም። እኔም ከስምንተኛ ክፍል ጥዬ የወጣሁ ሰው ሆኜ ሐኪም አላርምም። ግን እዚህ ኦማን፣ ሙስካት ውስጥ ሰው ቤት እየሠራች እዚያው የምታድር ሴት ከታመመች፣ ሥራዋም ጣሪያዋም አልጋዋም ባንድ ቀን ኻላስ ነው። እናንተ ብትሆኑ የት ታርፉ ነበር?

ለዚህ ነው እትዬ ወርቄ፣ ቢሮ የሚያጸዱት ሴትዮ፣ ሩዊ ሰፈር ከሌሎች ሴቶች ጋር በተከራዩት ክፍል አንዷን አልጋ ለበሽተኛ የለዩት። ሌሎቹ መሬት ይተኛሉ። ሕጉ አጭር ነው፦ የዳነች ለታመመች ለቃ ትወጣለች። ቦታ የለማ። እኔ መኪና ስላለኝ በሽተኛ አመላላሽ ነኝ፤ የሚከፈለኝ ምርቃት ነው፣ ምርቃት ደግሞ ነዳጅ አይሆንም።

አልጋው ላይ የነበረችው ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት። አል አንሳብ በምትሠራበት ቤት መስኮት ስትወለውል ወድቃ እግሯ ተሰበረ፤ ማዳሟ ሆስፒታል ጥላት ሳትመለስ ቀረች። ጀሶው ከተፈታ ሰነበተ። እግሯ ድኗል፤ መሄጃ ግን ማፊ፣ የለም። በየዓርቡ ጠያቂ ሲመጣ «አልሐምዱሊላህ፣ ድኛለሁ» ማለት ሻንጣ ከማንሳት እኩል ሆነባት። ጠያቂው ግን የዋዛ አይደለም። ደረጃውን ስትወርድ ያያት እንኳ ሳይቀር ብርቱካኑን አስቀምጦ፣ ከንፈሩን መጦ ይፈርዳል።

«ገና ነሽ። ፊትሽ መች ተመለሰ?»

ፊት ራጅ አይነሳም።

ባለፈው ዓርብ አንዲት ልጅ ከሆስፒታል አመጣሁ፤ ዋዲ ዓዳይ ሰው ቤት የነበረች፣ ሆዷን በኦፕራሲዮን የተቀደደች። እኔ ከበሩ አላልፍም፤ የሴቶች ክፍል ነው። ልጅቷ ግድግዳ ይዛ ገባች። ማንም ወደ ዘይነባ አላየም፤ አለማየታቸው ከማየት ይከብድ ነበር። ዘይነባ ተነሳች፣ አንሶላ ለወጠች፣ ልጅቷን ደግፋ አስተኛች። ከዚያ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ሳበች።

«ወዴት ነው?» አሉ እትዬ ወርቄ፣ ከሽንኩርታቸው ቀና ሳይሉ።

«ድኛለሁ እኮ፣ እትዬ። ሕጉ…»

«ሕጉን እኔ ነኝ ያወጣሁት። ነገ ሁላችን ሥራ ስንገባ ይቺን ማን ያገላብጣታል? ስለ በሽተኛ እንጂ ስለ አስታማሚ ያልኩት የለም። ይልቅ ሻንጣሽን አንሺ፣ መንገድ ዘጋሽ።»

ዘይነባ ሻንጣውን መልሳ ገፋችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«ይቺኛዋ ስትድንስ?» አልኩ ከበሩ። አፌ አያርፍም።

«አንተ በሽተኛ አምጣ እንጂ ነገር አታምጣ» አሉኝ።

ወረድኩ፤ እኔም ደክሞኛል። ከዚያ ወዲህ ለዚያች ልጅ ሳልጸልይ አላድርም። ማራት ጌታዬ፣ እላለሁ፤ ግን አትቸኩል።