ሰው ሲቀመጥ የሚቆም ሰዓት

የእጅ ሰዓት የሚታሰረው ሰዓት ለማወቅ ነው የምትሉ ከሆነ፣ ቦንጋ መጥታችሁ አንድ ስብሰባ ተካፈሉ። ለሁለት ሰዓት የተጠራው ስብሰባ አራት ሰዓት ላይ ይጀመራል፤ ሰብሳቢው «ሰዓት አክብራችሁ ስለተገኛችሁ አመሰግናለሁ» ይላል፤ ማንም አይስቅም። ደግሞስ ሰዓቱን ስልኩ ይነግረን የለም? የእጅ ሰዓት የሚታሰረው እጅ ባዶውን እንዳያፍር ነው። እንዲህ ስላችሁ ሰዓት የምጠላ እንዳይመስላችሁ። በሰፈራችን ሰዓት ሊገዛ ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ የሚያማክረው እኔን ነው። ሹመቱን የሰጠኝ የለም፤ ራሴው ነኝ የወሰድኩት።

ከሁሉ የምወደው አውቶማቲክ የሚባለውን ነው። ባትሪ የለውም። ሆዱ ውስጥ ግማሽ ጨረቃ የምትመስል ብረት አለች፤ እጃችሁ በተወዛወዘ ቁጥር እየዞረች ሞተሩን ትሞላለች። ስትሠሩ ይሠራል። አውልቃችሁ ካስቀመጣችሁት፣ ወይም እናንተው ተጋድማችሁ ከዋላችሁ፣ ሁለት ቀን ሳይሞላ ዝም ይላል። ነገሩ በአማርኛ ሲነገር ደግሞ ያምራል፤ ሰው ሲቀመጥ ሰዓቱ ይቆማል። ይህችን አነጋገር ለጋሽ አደሎ ባልነግራቸው ኖሮ፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ነገር አይኖርም ነበር።

ጋሽ አደሎ ጎረቤቴ ናቸው፤ የማር ነጋዴ። በማንኪራ ጫካ ዳገት ቁልቁለቱን በእግራቸው ሲሉ የኖሩ ስለሆኑ፣ ተቀምጦ የሚውል ሰው ሲያዩ ያማቸዋል። እግዜር ሊፈትናቸው ሲፈልግ አንዲት ልጃቸው ሰናይት ምትኩን ወደደች። ምትኩ የዋጫ ልጅ ነው፤ ቦንጋ ከአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ጨዋ፣ ንጹሕ፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ ጋሽ አደሎ ባዩት ቁጥር ተቀምጧል። ቢሮ ተቀምጦ፣ ካፌ ተቀምጦ። ሌላው ቀርቶ ቅዳሴ ላይ ሰው ሁሉ ቆሞ፣ እሱ ከአረጋውያኑ ጋር አግዳሚ ላይ።

የምትኩ ሽማግሌዎች በሚኒባስ ከዋጫ መጥተው ልጅዎን ለልጃችን ሲሉ፣ ጋሽ አደሎ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው የወር ቀጠሮ ሰጧቸው። በማግስቱ እኔን አስጠሩኝ።

«ያ ሰው ሲቀመጥ ይቆማል ያልከኝ ሰዓት እዚህ ይሸጣል?»

«ይሸጣል። በስንት ነው የሚፈልጉት?»

«ልጁ አማቼ ከሆነ የወይፈን ዋጋ አልሳሳበትም። ካልሆነ ግን በግም ይበዛበታል።»

እንግዲህ እናንተም አንድ ቀን ትገዙ ይሆናልና ስሙኝ። በበግ ዋጋ የሚገኘው ሆድ ዕቃው በመስታወት የሚታይ፣ ፊቱ ላይ ሦስት ትንንሽ ሰዓቶች የተደረደሩበት ነው። ሦስቱም ሥዕል ናቸው። አንዳንዱ እንዲያውም ላዩ ላይ አውቶማቲክ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ ባትሪ ነው፤ የሰከንዱን ዘንግ እዩት፤ እያነከሰ ከዘለለ ባትሪ ነው፣ ሳይቆራረጥ ከተንሸራተተ እውነተኛ ነው። በወይፈን ዋጋ የሚገኘው ጌጥ አያበዛም፤ እጅ ላይ ከበድ ይላል፣ መስታወቱ ቶሎ አይጫርም፣ ዝናብ ይችላል። ቦንጋ ውስጥ ዝናብ የማይችል ሰዓት ማሰር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከዚያ በላይ ያለው የባጃጅ ዋጋ ነው። እሱን ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት በመጡ አንድ ኃላፊ እጅ ላይ። ስንት ሰዓት ነው ብዬ ብጠይቃቸው ስልካቸውን አወጡ።

ጋሽ አደሎ ይህን ሁሉ ሰምተው አሰቡ። «የበጉ በራሱ ጥፋት ቢቆም ልጁን በከንቱ እበድለዋለሁ» አሉና የወይፈኑን ገዙ፤ ባለ ቆዳ ማሰሪያውን።

ምትኩ ስጦታው ሲደርሰው ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው። ልጃቸውን ሳይሰጡ ሰዓት የሚሰጡ አባት አይተው አያውቁም። «በቀጠሮው ቀን ይዘኸው ና» ተባለ እንጂ ስለ መቆም ማንም ምንም አላለም።

ቅዳሜና እሑድ ምትኩ አረፈ። ሰኞ ሰዓቱም አረፈ።

ማክሰኞ ሰናይት ሰዓቱን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ አባዬ ለምትኩ የሰጠው ሰዓት ቆመ። ባትሪው በየት በኩል ነው የሚገባው?»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን አዋቂ ነኝ ባይ ተጠይቆ ዝም ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባትሪ እንደሌለው፣ የሚፈልገው የሚንቀሳቀስ እጅ ብቻ እንደሆነ አስረዳኋት። ጥቂት አሰበችና «አይ አባዬ!» አለች። ከሰዓቱ ይልቅ አባቷ ገብተዋታል።

ሰናይት የስፖርት መምህርት ናት። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ባለፍኩ ቁጥር ያንን ትልቅ የወንድ ሰዓት አስራ አያታለሁ። ፊሽካዋን ትነፋለች፣ እጇን ታወናጭፋለች፣ መረብ ኳስ ትለጋለች፣ ሜዳውን ከተማሪዎቿ ጋር ትዞራለች። ልጆቹ ምን አጥፍተው እንደሆነ ሳይገባቸው ወሩን ሙሉ በላብ ተጠመቁ። ማታ ሰዓቱ ወደ ምትኩ ይመለሳል፣ ጠዋት ወደ ሜዳው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁላት። ጋሽ አደሎ ሲያታልሏቸው አይወዱም፤ አንዴ አይሆንም ካሉ ደግሞ የዋጫ ሽማግሌ ሁሉ ተሰልፎ ቢመጣ አይመለሱም።

ቀጠሮው ደረሰ። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ምትኩም፣ ወጉ ባይሆንም፣ ተጠርቷልና መጣ። እኔ እንደ ጎረቤት ከጋሽ አደሎ ጎን ተቀምጫለሁ። ጋሽ አደሎ ወሬ ሳያበዙ «አምጣው» አሉት። ዘንጉ ሳይቆራረጥ ይንሸራተታል። ሽማግሌዎቹ ተነፈሱ፤ እኔም ተነፈስኩ።

ከዚያ ጋሽ አደሎ ማሰሪያውን ገለበጡት። ቆዳው ሁለት ቦታ ታጥፎ ተሸብሽቧል። አንዱ በምትኩ ወፍራም አንጓ ልክ ነው። ሌላው ከፋብሪካው ቀዳዳዎች አልፎ፣ በምስማር በተበሳ አዲስ ቀዳዳ ላይ፣ በቀጭን አንጓ ልክ። ይበልጥ ያረጀው ይኸኛው ነበር። ቀና ብለው ጓዳው በር ላይ የቆመችውን ልጃቸውን አዩ። ሰናይት እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች። እኔ በበኩሌ መሬቱን ማየት ጀመርኩ።

«ልጄን ሰጥቻችኋለሁ» አሉ።

እልልታው ቀለጠ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ከወጡ በኋላ ግን አላስችል አለኝና ጠጋ ብዬ «ጋሽ አደሎ፣ ማሰሪያውን አላዩትም እንዴ?» አልኳቸው።

«አየሁት እንጂ። እሱ ሰነፍ ነው፣ አንተ ወሬኛ ነህ፤ ሁለታችሁንም አውቄአችኋለሁ።» ሰዓቱን የወሰደውን አማቻቸውን በመስኮት አዩት፤ ባጃጅ እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። «ግን ሰዓት እንዳይቆምበት ብላ ወር ሙሉ የሮጠችለትን ልጅ፣ ዛሬ አይሆንም ብላት፣ ሳትቆም ዋጫ ትገባለች።»