ድስት መርማሪው ወንድም

ያገለገለ ዕቃ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ፣ ፈለገም አልፈለገም፣ አንድ እንከን አዋቂ ዘመድ ይታዘዝለታል። ለልብስ ሰፊዋ የታዘዙላት የገዛ ታላቅ ወንድሟ ናቸው። ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ምርመራ ፈጅተው ጡረታ የወጡ፣ በሥራ ዘመናቸው አንድ መኪና እንኳ በመጀመሪያ ቀኑ አሳልፈው የማያውቁ፣ ሰፈሩ «ክቡር መርማሪ» የሚላቸው ሰው። መኪናው ቀረ እንጂ ምርመራው አልቀረም።

የእህታቸውን የስፌት መኪና የመረጡት እሳቸው ናቸው። ፍሪጇንም፣ አልጋዋንም። ባሏን እንኳ ከጋብቻው በፊት ደጋግመው አስጠርተው መርምረውታል፤ ያሳለፉትም እያቅማሙ ነው። ሴትዮዋ በዚህ ዕድሜዋ ከመርፌና ከክር በቀር ብቻዋን የገዛችው ነገር የለም።

ታዲያ ዘንድሮ ቤቷ ውስጥ ቢራ መጥመቅ ተማረች። ያስተማረቻት ጎረቤት ግን የጠመቃ ድስቷን ይዛ ሌላ ከተማ ገባች። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ለሥራ ባልደረቦቿ፣ በወሩ መጨረሻ በእጄ የጠመቅኩትን አጠጣችኋለሁ ብላ አፏን ሞልታ ተናግራለች። ቢራ እስኪብላላ ጊዜ ይፈልጋል። የአዲስ ድስት ዋጋ አይቀመስም። ስለዚህ ያገለገለ ፍለጋ ወጣች፤ ክቡር መርማሪም ኮታቸውን ደርበው ተከተሏት።

የመጀመሪያው ቤት ድስቱን በጣታቸው አንኳኩተው እንደ ሐኪም ጆሯቸውን ደገኑ። ከፍሪጅ በር ላይ የነቀሏትን ማግኔት ከኪሳቸው አውጥተው ቢያስጠጓት ሙጭጭ አለች። ይዝጋል አሉና ወጡ። ሁለተኛው ቤት ደረቅ ጋዜጣ አንጥፈው ድስቱን አስቀመጡበት፤ እስከ አፉ ውሃ አስሞልተው፣ ወንበር አስመጥተው፣ ጋዜጣው እስኪርስ ይጠብቁ ጀመር። ሻጩ ቸግሮት ምሳ አቀረበ። በሉ። ከምሳ በኋላ የጋዜጣው ጥግ ረጠበ፤ አመስግነው ወጡ። ሦስተኛውን ድስት ቢያንኳኩት፣ ቢያገላብጡት፣ ቢጠብቁት እንከን ታጣበት። በእውነት የደነገጡት ይሄኔ ነው።

«ያገለገለ ዕቃ ያለ ምክንያት አይሸጥም፣ እታለም» አሏት በሩ ላይ። «ምክንያቱን ካላገኘነው ተደብቋል ማለት ነው።»

ወሩ እየሄደ ነው ብትላቸው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው አፏን አስያዟት። ተናደደች። የተናደደችው ለድስቱ ብቻ አይደለም፤ ይህን ሁሉ ዓመት ኖራ አንድ ዕቃ መርጣ መግዛት የማትችል መምሰሏ ነው ያንገበገባት።

በማግስቱ ማንንም ሳታማክር በምሳ ሰዓት ወጣችና፣ ሥራ ካቆመ ምግብ ቤት ጓዳ ድስት ገዛች። እንደ ወንድሟ አንኳኳች፤ እንደ ወንድሟ ጋዜጣ አነጠፈች። ግን ሰዓቱ እያለቀባት ስለነበር ውሃውን እስከ ግማሽ ብቻ ነው የሞላችው።

ቅዳሜ ልትጠምቅ ድስቱን ግቢው ውስጥ ምድጃ ላይ ጥዳ፣ እሳቱን ሳትለኩስ እስከ አፉ ውሃ እንደሞላችው ክቡር መርማሪ ከተፍ አሉ። ድስቱን ሲያዩ ቆም አሉ።

«ብቻሽን ነው የገዛሽው?»

«ብቻዬን ነው፣ ጋሼ።»

ድስቱን ዞሩት። ጎንበስ ብለው ሥሩን አዩ፤ ቀና ብለው አፉን አዩ። እሷ እጇን በሽርጧ እየጠራረገች ቆማ ፍርዷን ትጠብቃለች። ያን ጊዜ አየችው፤ ከእጀታው ብሎን ሥር ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ወንድሟ ጫማ ላይ ይወርዳል። ክው አለች። እሳቸው ግን እግራቸውን አላነሱም። መዳፋቸውን እጀታው ላይ ጣል አድርገው ብሎኑን ሸፈኑትና ፊቷን አዩት።

«አልፏል» አሉ።

ቀጥለው ረጅሙን ማማሰያ እንድታመጣላቸው ወደ ጓዳ ላኳት። ማማሰያው እንደተለመደው ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ ስለነበር ወዲያው አነሳችው። ከውጭ ፒንሳ ብሎን ሲያጠብቅ፣ ሽማግሌውም ድምፃቸውን አፍነው ሲያቃስቱ ይሰማታል። እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምትወዳቸው ለራሷም ገረማት።

«አገኘሽው?» አሉ ከውጭ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው።

«አጣሁት፣ ጋሼ» አለች ማማሰያውን በሁለት እጇ እንደያዘች። «ትንሽ ልፈልግ።»