የጋሽ ሸረፈዲን ትንሽ ነገር

በየአገሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሌላው ዕድሜውን ሙሉ ሲመኘው የኖረው ዕቃ ሳይጠራ መጥቶ ደጃፉ ላይ የሚቆምለት። የቆቦውን ላስተዋውቃችሁ፦ ክቡር ጋሽ ሸረፈዲን፣ የሽንኩርት ገበሬ፣ በመስኖ ፓምፓችን ተራ የሚያስከብሩ የውሃ አባት፣ የምኞቴ ሁሉ ባለቤት።

ወደ ጎብዬ ለመሄድ መንገድ ዳር ቢቆሙ፣ መጀመሪያ የምትደርሰው ባጃጅ ባዶዋን ናት። ፍየላቸው መንታ ካልወለደች ታማለች ይባላል። ዝናቡ እንኳ በዋጃ በኩል ተነሥቶ ሲመጣ የጎረቤታቸውን ማሳ ዘልሎ እሳቸው ዘንድ ይወርዳል። እንኳን ደስ ያለዎት ሲሏቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ "አልሐምዱሊላህ፣ ትንሽ ነገር ናት።" ቤት ሠሩ፣ ትንሽ ነገር ናት። ልጃቸው ሐኪም ሆነች፣ ትንሽ ነገር ናት። እኔ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ኤሌክትሪክ ተምሬ፣ መናኸሪያው አጠገብ የጥገና ሱቅ ከፍቼ፣ ይህቺን ትንሽ ነገር ስጠብቅ ይኸው ሽበት ጀመረኝ።

ቅናት ነው ትሉ ይሆናል። ነው።

አምና እህታቸው ዚነት ከጅዳ ስትመጣ፣ ልጇ የጠገባትን ዕቃ በቴምር ካርቶን ውስጥ ከታ አመጣችላቸው። ጋሽ ሸረፈዲን በፌስታል ጠቅልለው ሱቄ ድረስ መጡና፣ "ፍሬሕይወት፣ እስቲ እያት፣ ይህቺ ነገር ሬዲዮ ናት?" አሉኝ።

ሬዲዮ አሉ። በእጅ የምትያዝ የጌም ኮምፒውተር ናት። ምስሏን በስልኬ እያየሁ ስንቱን ሻይ አቀዝቅዣለሁ። መሐሏ ስክሪን፣ ግራና ቀኟ የጣት መቆጣጠሪያ፣ ሆዷ ግን እኔ ጠረጴዛ ላይ ከተከልኩት ግዙፍ ኮምፒውተር የማያንስ። የእኔው መብራት በሄደ ቁጥር ከነጨዋታዬ ድርግም ይላል። እሷ ባትሪዋን ይዛ ትቀጥላለች።

ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እንዲህ ያለ ዕቃ መግዛት ለማን ይጠቅማል ብለው ጠየቁኝ። ባለሙያ ነኝና በሙያ መለስኩ። ጌም እየወደደ ጠረጴዛ ጋ የሚቀመጥበት ጊዜ ያጣ ይግዛት። መብራት የሚሄድበት ይግዛት። ቀኑን መንገድ ላይ ወይም ሰው ሲጠብቅ የሚያሳልፍ ይግዛት። ደህና ኮምፒውተር ኖሮት ከወንበሩ የማይነሣ ሰው ግን ምን ታደርግለታለች? ደብዳቤ ልጻፍባት የሚልም ይቅርበት፣ ፊደሏ ዓይን ያጠፋል። እጁ በዶማ የደነደነ ገበሬማ፣ አልኩ ወደ ስክሪኑ አቀርቅሬ፣ ቁልፎቿን ይሰብራቸዋል።

ይህ የመጨረሻው ከሙያዬ አልነበረም።

"እንግዲያ ለእኔ አትሆንም?" አሉ ጋሽ ሸረፈዲን።

ቢሸጧት እንደሚሻል ነገርኳቸው። ገዢዋ ማን እንደሆነች ለመንገር ጊዜው ገና ነበር። እሳቸውም ላስብበት አሉና፣ እስከዚያው ባዶዋን እንዳትቀር የሆነ ነገር እንድጭንባት ለመኑኝ። ጫንኩባት፦ ኳስ፣ ከባድ መኪና መንዳት፣ አንድ ደግሞ የእርሻ ጌም። እርሻውን የጫንኩት ከተንኮል ነው። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የዋለ ሰው ቁጭ ብሎ ደግሞ እርሻ አይጫወትም፤ ቶሎ ሰልችቷቸው ይመልሱልኛል ብዬ ነበር።

አልመለሱም። ገበያ ላይ ሳገኛቸው እንዴት ናት ስላቸው፣ ትንሽ ነገር ናት ብለው ያልፉኛል።

ኋላ ፓምፑ ቆመና ተጠራሁ፤ የሞተሩን ኤሌክትሪክ የምጠግነው እኔ ነኝ። ድሮ ፓምፕ በቆመ ቀን ወደዚያ መውረድ እፈራ ነበር። ተራው የተጓተተበት ሁሉ አካፋውን ይዞ ይጠብቃል፤ ቦይ ሰብረህ ውሃዬን ወሰድክ መባባል ይጀመራል፤ ጋሽ ሸረፈዲን መሐል ገብተው ሲገላግሉ ጥምጣማቸው ይፈታል። ያን ዕለት ግን አካፋዎቹ ግራሩን ተደግፈው ቆመዋል፣ ሰዎቹ ጥላው ሥር ተፋፍገው አጎንብሰዋል። አምና ለአንድ ቦይ ውሃ ጎረቤቱን ሊፈነክት የደረሰው ደሳለኝ፣ ዕቃዬን፣ ዕቃቸውን ማለቴ ነው፣ በሁለት እጁ ይዞ በማጨጃ መኪና ስንዴ ያጭዳል።

ደንቡን ጋሽ ሸረፈዲን አስረዱኝ። የሚያጠጣ ሰው አይነካትም፤ ዕቃዋ ተራ ለሚጠብቅ ሰው ናት። ውሃ ሲደርሰው ለቀጣዩ አቀብሎ ወደ ማሳው ይወርዳል። ይህ ከወጣ ወዲህ ቦይ የሰበረ የለም።

"እርስዎስ መቼ ይጫወታሉ?" አልኳቸው።

"እኔማ ቁልፎቿን ትሰብራለህ አላልሽኝም? አንድ ቀን አልነካኋት።"

የተቃጠለውን ክፍል ፈትቼ ለወጥኩ። ሞተሩ ተነሣ፣ ውሃው መጣ፣ ተራው የደሳለኝ ነበር። ደሳለኝ ቀና ሳይል "ይለፈኝ" አለ። ሽንኩርትህስ ሲሉት፣ "ሽንኩርቱ ይቆያል፣ እዚህ ስንዴዬ ላይ ዝናብ ሊወርድ ነው" አለ። በግድ አስነሡት።

የተጠገነ ሞተር እስኪረጋ ድረስ አጠገቡ ሆኖ ማየት የሙያ ግዴታ ነው። ጋሽ ሸረፈዲን ይህን ያውቃሉ። ዕቃዋን ተቀብለው ጭኔ ላይ አኖሩልኝና፣ "አሁን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ። እስኪረጋ ድረስ ተራሽ ነው" አሉ።

ያዝኳት። ለእጄ የተሠራች ትመስላለች። ቀና ስል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ እንዳይነኩ እየተጠነቀቁ፣ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

"ጋሽ ሸረፈዲን፣ የዚያን ቀን የነገርኩዎ ውሸት ነው" አልኩ። "ጣትዎን ያምጡ።"

ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ አውራ ጣታቸውን ቦታው ላይ አደረግሁላቸው። ደሳለኝ ስንት ቀን የታገለውን ማሳ እሳቸው በመጀመሪያ ሙከራቸው ያጭዱት ጀመር፤ ሊወርድ የነበረው ደመና እንኳ ጎረቤት ማሳ ላይ ዘነበ። ከበው የሚያዩት ሁሉ አጨበጨቡ።

"ትንሽ ነገር ናት" አሉ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

ከዚያ በየመሐሉ ይጠይቁኝ ጀመር፤ ሞተሩ ረጋ ወይ፣ ተራችን አለቀ ወይ እያሉ። ሞተሩ ከረጋ ቆይቷል።

"ገና ነው" አልኳቸው። አንድ ጥግ ስንዴ ቀርቷቸው ነበር።