የባቄላ አበባ በጣሳ

ባዶ ጠረጴዛ ሲያዩ ልባቸው የማይረጋ ሰዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ አንዷን አግብቻለሁ። ደብረ ታቦር ባለው ቤታችን አበባ ያልተሰካበት የቲማቲም ጣሳ የለም። ምሳ ስንበላ ሚስቴን የማያት በቅጠል መሃል አጮልቄ ነው።

ባለፈው አባቴ ከጉና መጡና ጣሳውን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ፤ ወደ ሚስቴ ዞሩ።

«ልጄ፣ ይኸ የባቄላ አበባ አይደለም?»

«አዎ አባባ፤ ሽታው ደስ አይልም?»

«ደስ ይላል። ትንሽ ብትታገሺው ግን እሸት ነበር እኮ!»

ሚስቴ አቀረቀረች። እኔማ ጠረጴዛችን ሊያርፍ ነው ብዬ በልቤ ደስ አለኝ።

በሳምንቱ አባቴ የድንች አበባ ታቅፈው መጡ። ራሳቸው ጣሳው ውስጥ እየሰኩ፣ «ከዚህ የፈለግሽውን ያህል ቅጠፊ፤ የድንች ሲሳዩ ከመሬት በታች ነው» አሏት።

የዚያን ቀን ምሳችንን ጭናችን ላይ አድርገን በላን።