ክቡር ምናልባት

ስንት ሰዓት ነው ሲባል «በማን ሰዓት?» የሚል ሰው የሌለበት ሕንፃ የለም። ልብስ ሰፊዋ በምትኖርበት ሕንፃ ይህን ሹመት የያዙት ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ከኋላቸው ሁሉም «ክቡር ምናልባት» ይላቸዋል።

ክቡርነታቸው ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ «አካታሌፕሲያ» የሚል ቃል ካገኙ ወዲህ ጎረቤቱ ዕረፍት አጥቷል። የግሪክ ቃል ነው፤ ሰው ምንም ነገር በእርግጠኝነት ሊያውቅ አይችልም እንደማለት ነው። ልብስ ሰፊዋ ከደረጃው ሥር ባለችው የሥራ ክፍሏ ወገባቸውን ለክታ «ሰማንያ ስምንት ነው፣ ጋሼ» ስትላቸው፣ «ሜትሩንስ ማን ለካው?» ይላሉ። ውሃ መጣ ወይ ብትላቸው ቧንቧውን ከፍተው፣ እጃቸውን አርጥበው፣ «ለጊዜው የመጣ ይመስላል» ይሏታል። ስንት ቀን ምላሳቸውን በመቀሷ መቁረጥ አምሯታል።

አንድ ጠዋት ክር ልትገዛ ወጣ ባለችበት ያቺ ክፍል ተቃጠለች። ሰው አልተጎዳም፤ የደረጃው ግድግዳ ግን ከሰለ፣ ከጎን የነበረው የነዋሪዎች ዕቃም ወደመ። ስብሰባ እስኪጠራ ነገሩ አልቆለት ነበር፤ ካውያ ሳታጠፋ ሄዳ ነው፣ ክፍሉን ትልቀቅ። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ክፍል እየሠራች ነው።

«ይሄ እኮ ሁሉም የሚያውቀው ነው» አሉ ሰብሳቢው።

ክቡር ምናልባት እጃቸውን አወጡ። ሰዉ በረጅሙ ተነፈሰ።

«እርስዎ አይተዋል?»

«እኔማ ከጥበቃው ነው የሰማሁት።»

ጥበቃው ተጠየቀ፤ ከአራተኛ ፎቋ ሴትዮ ሰምቷል። ሴትዮዋ ከሰብሳቢው ሚስት። ሚስትየዋ «ከእሱ ነዋ» አለች ወደ ባሏ እያየች።

ሰብሳቢው ላብ በላብ ሆኑ። «ታዲያ ጥፋት የለባትም ነው የሚሉን?»

«አላልኩም። አላውቅም። እናንተም አታውቁም። ባላወቅነው ነገር ደግሞ ሰው አናባርርም።»

እጅ ተቆጠረ፤ ክፍሏ ለእሷ ጸናላት።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ልብስ ሰፊዋ ደረጃው ላይ ደረሰችባቸውና ለማንም ያልተነፈሰችውን ነገረቻቸው። «ጋሼ፣ ካውያውን ማጥፋቴን እኔም አላስታውስም። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።»

ዘመዶቿ «አንቺማ አታደርጊውም» ሲሏት፣ ጎረቤቶቿ «አንቺ ነሽ» ሲሏት ነው የከረሙት። አላውቅም ብትል የሚሰማት ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ግን ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት። ተቀምጣ አለቀሰች፤ ቀለላት።

«አመሰግናለሁ፣ ጋሼ» አለች በመጨረሻ።

ክቡር ምናልባት በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄ አላነሡም።