የአስር አለቃ ንጉሤ ሬዲዮ ጣቢያ

ሰው ወሬ ሲያዳምጥ አያፍርም፤ የሚያፍረው ወሬ ትወዳለህ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ነው። «እኔ እንኳ ወሬ አልወድም» የሚል ሰው ካጋጠመዎ ወንበርዎን ጠጋ ያድርጉ፤ ምርጡ ወሬ ያለው እሱ ዘንድ ነው። እኛ ኮልፌዎች በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ግድም ይህን ማስመሰል እርግፍ አድርገን ትተነው ነበር። የራሳችን ሬዲዮ ጣቢያ ነበረና።

ጣቢያ ስል ግንብና አንቴና እንዳይታይዎት። አስር አለቃ ንጉሤ ከጦር ሠራዊት የመገናኛ ክፍል በጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ዝምተኛ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። አንድ ቀን ሱቃቸው ደጃፍ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቀሉና በመኪና ባትሪ ያሠሩት ጀመር። አጥቢያ ዳኛው «ስለ መንግሥት እንዳይነሣ እንጂ ስለ ሌላው የፈለጋችሁትን ቀባጥሩ» ብለው ፈቀዱ። ስለ ሌላው። ከዚህ በላይ ምን ነፃነት አለ?

መጀመሪያ ዝግጅቱ ማስታወቂያ ብቻ ነበር፤ የጠፋች በግ፣ ያረፈ ጎረቤት፣ የእድር ስብሰባ። በሦስት ሳምንት ሰለቸን። ቀጥሎ አስር አለቃ ከትልቁ ሬዲዮ የሰሙትን ዜና በወታደር ቁጥብነት ያቀርቡልን ጀመር። «ጃፓን። የመሬት መንቀጥቀጥ። አበቃሁ» ይላሉ። እሱም ሰለቸን።

ያዳኑን ወይዘሮ አስካለች ናቸው። ባልና ሚስት በማስታረቅ የታወቁ፣ ራሳቸው ግን ከባላቸው ከተፋቱ ዓመታት ያለፋቸው፣ አንደበታቸው የማይደክም ሴት ነበሩ። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ «የቤተሰብ ምክር» ተከፈተላቸው። ማንበብ ስለማይችሉ የአድማጮችን ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ፤ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩና። በዚያ ሰዓት አውቶቡሱ እንኳ ፌርማታው ላይ ከወትሮው ይልቅ ይቆይ ነበር። ሾፌሩ ከአማቱ ጋር ችግር ነበረበት።

አንድ እሑድ ስም የሌለው ደብዳቤ ከፍቼ ማንበብ ጀመርኩ። «ሚስቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆነ። አንዲት ሴት ወድጃለሁ። በየሳምንቱ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ አፌ ግን አይከፈትም። ምን ይሻለኛል?» ይላል። ጽሕፈቱን አወቅሁት። ቀና ስል አስር አለቃ ባትሪው ላይ አጎንብሰዋል፤ ጆሯቸው በርበሬ መስሏል። ፈራሁላቸው። ወይዘሮ አስካለች ቀልደው ካለፉት እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ሁለተኛ አይተነፍሱም።

ወይዘሮ አስካለች ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደብዳቤው ጎደሎ ነው» አሉ። «ለመሆኑ ይህ ሰውዬ ይጠጣል?»

«በበዓል ብቻ» የሚል ድምፅ ከባትሪው በኩል መጣ።

ከዚያ ከፌርማታው፣ ከየአጥሩ ጀርባ፣ ከየጣሪያው ሥር የተነሣው ሣቅ ማጉያውን ዋጠው። አስር አለቃ ሽቦውን ሊነቅሉ እጃቸውን ሰደዱ። ወይዘሮ አስካለች እጃቸውን ያዝ አደረጉት።

«ተዉት ይሥራ። ቁጡ ነው?»

«አይደለም።»

«ሴትዮዋ ብዙ ታወራለች ይባላል።»

«የወደድኩት እሱን ነው» አሉ አስር አለቃ። «ቤቴ ስድስት ዓመት ሙሉ ጭር ብሏል።»

ወይዘሮ አስካለች ቃል ሲያጥራቸው ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ቆይተው ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አሉና፣ «እንግዲህ ለጠያቂያችን የምመክረው ሽማግሌ እንዲልክ ነው። ወንድሜ ቅዳሜ ቤት ይውላል» አሉ።

ቅዳሜ የተላኩት ሽማግሎች ሦስት ነበሩ፤ የገቡት ግን አሥራ አንድ ናቸው። ስምንቱ «እኛ አድማጮች ነን» አሉ። ከፊት የነበሩት አጥቢያ ዳኛው ናቸው።

ከሠርጉ በኋላ ሁለቱ አብረው ሲያወሩ ልንሰማ ቋመጥን። ማጉያው ግን ዘፈን ብቻ ሆነ፤ ጠዋት ዘፈን፣ ማታ ዘፈን። ሰፈሩ መልእክተኛ አድርጎ እኔን ላከ። አስር አለቃ ወፈር ብለው፣ የሸሚዛቸው ቁልፍ ሁሉ ተሟልቶ አገኘኋቸው።

«አስር አለቃ፣ ወሬው የት ገባ?» አልኳቸው።

«እቤት ገባ» አሉ ፊታቸው በርቶ። «እዚህ እንኳ ጆሮዬን ላሳርፈው።»

ምን ይባላል። እኛም ከቤታቸው አጥር ሥር የምንቀመጥበት ድንጋይ መፈለግ ጀመርን።