ሄልጋ ብትሆን

በሰው አገር ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ አንድ የሩቅ ዝነኛ የሥጋ ዘመዱ ያደረገ ሰው አይጠፋም። አንዱ የዘፋኝ ጎረቤት ነበርኩ ይላል፣ ሌላው ሚኒስትሩ አብሮ አደጌ ነው ይላል። ጀርመናዊት የኳስ በረኛ የተዛመደ ሰው የተገኘው ግን መካ፣ ዛሂር ሰፈር፣ በአንዲት አሮጊት ማድ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ተዛማጇም የማድ ቤቱ ሠራተኛ፣ ክብርት አሰልጣኝ በድሪያ ሙሄ ናቸው፤ የባቲ ተወላጅ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት የሳዑዲ ነዋሪ፣ የዕቃ አጠባ ሊቅ። ከዚህ በኋላ ግን "አንቺ" እንበላት፤ ራሷም "አንቱ ሲሉኝ ወገቤን ያመኛል" ትላለች።

ሀሰና ክብርትነቷን የምታገኛት በየጁምዓው ነው። ሀሰና የምትሠራው ጂዳ ነው፤ ማዳሟ ዓርብ ዓርብ ልጆቿንም እሷንም መኪና ላይ ጭና መካ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች። በድሪያ የእናትየዋ ሠራተኛ ናት። ሌሎቹ የአሮጊቷ ሴት ልጆችም ከነሠራተኞቻቸው ይመጣሉ። እመቤቶቹ ሳሎን ቁጭ ብለው ሲጫወቱ፣ ሠራተኞቹ የሩዙን ድስት ከበው ሄልጋን ያዳምጣሉ።

ሄልጋ የጀርመን የሴቶች ቡድን በረኛ ናት። በድሪያ አንድ ቀን ሳሎን ልብስ ስትተኩስ በቴሌቪዥን አየቻትና በዚያው ዘመዷ አደረገቻት። ታሪኳ ይኸውና፦ የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ናት። ለሥራ ሰው አገር ክለብ ገብታ፣ ስድስት ዓመት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሌላዋን በረኛ ጀርባ ስታይ ኖረች። ተራዋ የደረሰ ዕለት አራት ጎል ገባባት። ጣቷ ተሰበረ፣ በፋሻ ጠቅልላ ቆመች። ጉልበቷ ተጎዳ፣ ተነሳች። በመጨረሻ "ሁለት ዓመት ብቻ ጨምሪልን" ብለው ቢለምኗት ቢጫ ጓንቷን ሳሩ ላይ አስቀምጣ አገሯ ገባች።

ለዚያ ማድ ቤት ችግር ሁሉ መድኃኒቱ ይህ ነበር። ከሠራተኞቹ አንዷ፣ ሳሊማ፣ ከማዳሟ ተጣላች? "ሄልጋ ብትሆን አፏን ዘግታ ኳሱን ታይ ነበር።" ሩዙ አረረ? "ሄልጋ አራት ገብቶባታል፣ ባንቺ የገባብሽ አንድ ድስት ነው።" የአንዷ ፓስፖርት ዘገየ? "አብሽሪ እቴ! በረኛ አይቸኩልም።" ይህቺ የመጨረሻዋ የሁሉ ነገር መዝጊያ ናት፤ ሰላምታም መርዶም በእሷ ይዘጋል።

ሀሰና እስከ አሥረኛ ክፍል የተማረች ናትና እንዲህ ያለ ወሬ አልውጥም ባይ ነበረች። ዋጠችው፤ ያውም ሳታላምጥ። አንድ ረመዳን ማዳሟ ለዑምራ ይዛት ታላቁ መስጊድ ሐረም ገባች። ሰዉ ለእናት ለአባቱ እያለቀሰ ዱዓ ሲያደርግ፣ እሷ እጇን ዘርግታ "ያረቢ፣ የሄልጋን ጉልበት አሽርልኝ" አለች። ጉልበቱ ከዳነ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ትዝ ያላት ጂዳ ከተመለሰች በኋላ ነው። ከትውልድ ከተማዋ ከሐይቅ ድረስ ባሕር ተሻግራ መጥታ፣ ለጀርመን ጉልበት! አላህ ይቅር ይበላት፤ እሷ ለራሷ እስካሁን ይቅር አላለችም።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። የሀሰና አራተኛ ዓመት አለቀና ማዳሟ "ያ ሀሰና፣ ሁለት ዓመት ጨምሪ" አለቻት። ሐይቅ ደግሞ ከውሰር አለች፤ የሦስት ዓመት ሕፃን ሆና ለአያቷ የተወቻት ልጇ። በቀደም በስልክ የእናቷን ድምፅ ሳትለይ "አክስቴ፣ እናቴ መቼ ነው የምትመጣው?" ብላ ጠየቀቻት። ሀሰና ሳቀች፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፈተችው።

ጁምዓ ሲደርስ የት ትሂድ? ወደ ክብርት አሰልጣኝ ነዋ።

"እትዬ በድሪያ፣ ሄልጋ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?"

በድሪያ ያን ዕለት አልቀለደችም። "ትሄድ ነበር" አለች። "ጓንቷን አስቀምጣ ትሄድ ነበር።"

ሀሰና በማግስቱ ለማዳሟ ኻላስ፣ በቃኝ፣ አለቻት። ማዳም አኮረፈች፤ ሆኖም የመጨረሻ መውጫዋን፣ ኹሩጁን፣ አስመታችላት፤ ትኬትም ተቆረጠ።

በዚያው ሳምንት ሻንጣዋን ስታዘጋጅ፣ ኳስ የምትወደውን የማዳሟን ትልቋን ልጅ ላማርን "ሄልጋም እንዲህ ነው ያደረገችው" አለቻት። ላማር ስልኳን ነካ ነካ አደረገችና ፎቶ አሳየቻት። "ይህቺ? የምን መሄድ ነው፣ ቅዳሜ ጨዋታ አላት እኮ!" ስልኩ እንደሚለው የሄልጋ አባት ሐኪም ናቸው። ከአሥራ ሰባት ዓመቷ ጀምሮ ተጠባባቂ ሆና አታውቅም። ጣቷም ደህና ነው። ከበድሪያ ታሪክ እውነት የሆነው ስሟና ቢጫ ጓንቷ ብቻ ነው።

ሀሰናን ላብ አጠመቃት። በሌለች ሴትዮ ምክር እንጀራዋን ጣለች! ማንን ትክሰስ? የጀርመን ኤምባሲ ሄዳ "በረኛችሁ ሥራዬን አስለቀቀችኝ" ትበል? ሳምንቱን ሙሉ ስድብ ስታዘጋጅ ከረመች። በድሪያን በሰው ፊት ልታዋርዳት ቆረጠች።

ጁምዓ ማድ ቤቱ ስትደርስ፣ በድሪያ ቢጫ የዕቃ ማጠቢያ ጓንቷን አጥልቃ፣ አዲስ ለመጣችውና ለምታለቅሰው ለሀጅራ ስለ ስድስቱ ዓመት እያወራች ነው።

"ለመሆኑ የትኛው ጣቷ ነው የተሰበረው?" አለች ሀሰና ገና ከበሩ።

"የቀኟ ትንሿ።" በድሪያ ሳታስበው ጓንቷን አወለቀችና የራሷን ጣት አነሳች። የመኪና በር የቀጠቀጣት፣ ከአንጓዋ የጎበጠች ጣት።

ሀሰና ያዘጋጀችውን ስድብ ትታ መደመር ጀመረች። ባቲ ዳቦ ይጋግሩ የነበሩት የበድሪያ አባት ናቸው። መጀመሪያ በተቀጠረችበት ቤት ማድ ቤቱ የሌላ ሠራተኛ ስለነበረ፣ ስድስት ዓመት ደረጃ ስታጥብ የኖረችው በድሪያ ናት። ማድ ቤቱን የተረከበች ዕለት አራት ድስት አሳርራለች። ይህን ሁሉ ራሷ በየጊዜው ነግራታለች፤ ሊቋ ሀሰና ግን ደምራው አታውቅም። በድሪያ ያላደረገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጓንት አስቀምጣ አገሯ አልገባችም። ውሏ ባለቀ ቁጥር አድሳለች።

በዚህ መሃል ሳሊማ ስልኳን ስታገላብጥ ቆይታ "ወላሂ ይህቺ ሴትዮ አሁንም ትጫወታለች!" ብላ ጮኸች። በድሪያ አንገቷን ደፋች። ጓንቷ አረፋ ያንጠባጥባል።

"እሷ ሌላ ናት" አለች ሀሰና። "ጀርመን አገር ሄልጋ ማለት እንደ እኛ ፋጡማ ነው። በየቤቱ አለች።"

"እሱስ ልክ ነሽ" አለች ሳሊማ።

ሀሰና ዕቃ ለማድረቅ መስላ በድሪያ አጠገብ ቆመች። "እትዬ፣ አገሯ ስትገባ ማን ተቀበላት?"

በድሪያ ሳህኑን አንድ ሁለት ጊዜ አሸችው። "እሱን አላሳዩም። አባቷ ሞተዋል። ወንድሞቿም የየራሳቸው ቤት አላቸው። እንጃ።"

"እንግዲያው ሐይቅ ትምጣ፤ እኔ እቀበላታለሁ።"

"ጀርመኗን?" ሳሊማ በሳቅ ፈረሰች።

"ጀርመኗን! ምን አለበት? ከውሰርም አክስት ያስፈልጋታል፤ እኔ ከዚያ ሥራ ልለቅ ነው።"

ማድ ቤቱ ሳቀ፤ ሀጅራም እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። በድሪያ ግን ሳህኑን ማሸቱን አልተወችም፤ ሳህኑ ከጠራ ቆይቷል።

ጂዳ አየር ማረፊያ ሀሰና ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለ የድምፅ መልእክት ገባላት። በድሪያ ናት፤ እንደ ምስጢር ታንሾካሹካለች።

"ሀሰናዬ፣ ሄልጋ ዛሬ ለማዳሟ ነገረቻት። አሮጊቷ አለቀሱ፣ እሷም አለቀሰች፤ ግን ኻላስ ብላለች። ከዒድ በኋላ ነው፤ በረኛ አይቸኩልም። ያ የመቀበሉ ነገር... የምር ነው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች።"

ሀሰና እየሳቀች አለቀሰች። ከፊቷ ያለችው ሴት ዞራ አየቻት። ለአንዲት በረኛ ስታለቅስ ዕድሜዋ ሊያልቅ ነው! ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችው።

"የምር ነው በያት። ጓንቱን ግን እዚያው ትተወው።"